ጆሮም ምስክር ነው

ሰው ሲካሰስ ምስክር ይቈጥራል። ዳኛውም ምስክሩን ዝም ብሎ አያምነውም፤ ከተከሳሹ ጋር ጠብ እንዳለው፥ ከከሳሹም ጋር ዝምድና ወይም ጥቅም እንዳለው፥ ነገሩንም ራሱ አይቶት ወይም ከሌላ ሰምቶት እንደ ሆነ መርምሮ ከጠየቀ በኋላ ነው ቃሉን የሚቀበለው። ይህ ሥርዓት ለአደባባይ ብቻ የተሠራ ይመስለናል። ዳሩ ግን እያንዳንዳችን ከጧት እስከ ማታ ቃላቸውን የምንቀበላቸው ምስክሮች በገዛ ራሳችን ላይ አሉ፤ እነርሱም ዓይናችንና ጆሯችን ናቸው። እነዚህን ምስክሮች ሲመረምር የሚገኝ ሰው ጥቂት ነው። «በጆሮዬ ሰማሁ» ያለ ሰው ክርክሩን የጨረሰ ይመስለዋል።

በዚህ ጽሑፍ ላመለክት የምፈልገው የራስን ጆሮ መመርመር እውነትን ለሚወድ ሰው ሁሉ ግዴታ መሆኑን ነው። ለዚህም ምሳሌ ይሆነን ዘንድ ትንሽ ዕቃ እመርጣለሁ። በትልቅ ጕዳይ ሁሉም ሰው ይጠነቀቃል፤ የልቡና ልማድ የሚታወቀው ግን ማንም በማይቈጣጠረን በትንሹ ነገር ነው። ዕቃው ፓወር ኮንዲሽነር ይባላል፤ እኛ የኤሌክትሪክ ማጣሪያ እንበለው።

ሙዚቃን በቤታቸው ጥርት ባለ ድምፅ ለመስማት ብዙ ገንዘብና ጊዜ የሚያወጡ ሰዎች በየአገሩ አሉ። የሚሰሙበት መሣሪያ ሃይ-ፋይ ይባላል፤ ይኸውም የሸክላ ወይም የዲስክ ማጫወቻው፥ ድምፁን የሚያጐላው አምፕሊፋየርና ድምፁን ወደ ክፍሉ የሚያወጡት ስፒከሮች ባንድነት ናቸው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ከግድግዳው ሶኬት በሚመጣ ኤሌክትሪክ ነው። በአገራችን ይህ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሆኖ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በአሜሪካ ደግሞ 120 ቮልት ሆኖ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል። ነገር ግን ቍጥሩ በወረቀት ላይ እንደ ተጻፈው ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይገኝም። ጎረቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ ቮልቱ ይወርዳል፤ ሰው ሁሉ ሲተኛ ከፍ ይላል። የማቀዝቀዣው ሞተር ሲነሣ፥ የስልክ ቻርጀር ሲሰካ ጥቃቅን ረብሻ በሽቦው ላይ ይጨመራል። መብራት ሄዶ ሲመለስም አንዳንድ ጊዜ ድንገተኛ ግፊት ይመጣና የቤት ዕቃ ያቃጥላል።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒት ይሆናሉ ተብለው የተሠሩት ማጣሪያዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንደኛው ድንገተኛውን ግፊት ብቻ የሚከላከል ነው። ሁለተኛው በተጠመጠመ ሽቦና በካፓሲተር ረብሻውን የሚያጣራ ነው። ሦስተኛው በትራንስፎርመር አማካይነት መሣሪያውን ከመንገዱ ሽቦ የሚለይ ነው። ዋጋው እጅግ የሚበዛው አራተኛው ደግሞ የመጣውን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥታ ኤሌክትሪክ ለውጦ፥ ከዚያ እንደ ገና አዲስ ተመላላሽ ኤሌክትሪክ አድርጎ የሚሠራ ነው። በእኛ አገር በብዙ ቤት ከማቀዝቀዣውና ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የሚቀመጠው ስታቢላይዘር ለእነዚህ ዕቃዎች ዘመድ ነው፤ የእርሱ ሥራ ግን ቮልቱ ከፍና ዝቅ እንዳይል መጠበቅ እንጂ ድምፅ ማሳመር አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ ይገባዋል። አምፕሊፋየሩ ከሶኬት የመጣውን ኤሌክትሪክ እንዳለ ወስዶ ወደ ስፒከሩ አይልከውም። በውስጡ ያለው ትራንስፎርመር መጠኑን ይለውጣል፤ ሌላው ክፍል ተመላላሹን ባንድ አቅጣጫ እንዲሄድ ያደርገዋል፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮችም እንደ ጋን አጠራቅመው በእኩልነት ያድሉታል። እንግዲህ ደኅና ሆኖ የተሠራ አምፕሊፋየር የራሱ ማጣሪያ በውስጡ አለው ማለት ነው። ታዲያ ከፊቱ ሌላ ማጣሪያ ቢጨመርለት ድምፁ ይለወጣልን? ከሁለት ማጣሪያዎችስ የትኛው ይበልጣል? የሙዚቃ ወዳጆች በዚህ ነገር ይከራከራሉ፤ አንዳንዶቹም እስከ መቀያየም ይደርሳሉ።

እንበልና አንድ ሙዚቃ ወዳድ ሰው ከደመወዙ ለብዙ ወራት አጠራቅሞ ውድ ማጣሪያ ገዛ። ከወዳጁም ርካሹን ተዋሰና ሁለቱን ሊያወዳድር ተቀመጠ። በመጀመሪያ በርካሹ አንድ ዘፈን አሰማ። ከዚያ ተነሥቶ ገመዱን ነቅሎ በውዱ ላይ ሰካና ያንኑ ዘፈን ደገመው። ገና ከመጀመሩ «መጋረጃ የተገለጠ ይመስላል! የክራሩ ክር አንድ ባንድ ይሰማል፤ የዘፋኙ ትንፋሽ እንኳ ይታወቃል» ብሎ በደስታ ተናገረ።

ይህ ሰው ዋሽቷልን? አልዋሸም። የተናገረውን በእርግጥ ሰምቷል። ነገር ግን ምስክሩን በዳኛ ዓይን እንመልከተው። ይህ ጆሮ የብዙ ወር ደመወዝ የከፈለው ሰው ጆሮ ነው፤ ገንዘቡ በከንቱ ፈሰሰ ብሎ መመስከር ለባለቤቱ ሐዘን ነው። ሁለተኛም፥ የትኛው ዕቃ እንደ ተሰካ አስቀድሞ ያውቃል፤ የሳጥኑን ክብደት በክንዱ፥ ውበቱንም በዓይኑ መስክሮለታል። ሦስተኛም፥ ዘፈኑን ሲሰማ ይህ ሁለተኛው ጊዜ ነው፤ ሰው አንድን ዘፈን ሲደግመው በመጀመሪያ ያመለጠውን ማስተዋሉ የተለመደ ነው። አራተኛም፥ ገመድ ሲነቀልና ሲሰካ ድምፅ መጨመሪያው በጣት ተነክቶ ይሆናል፤ ድምፁም ጥቂት ከፍ ሲል ጆሮ «ጨመረ» አይልም፤ «ጠራ» ይላል። አምስተኛም፥ ተነሥቶ ገመድ እስኪሰካ ድረስ የፊተኛው ድምፅ ጥቃቅን ነገር ከልቡ ጠፍቷል፤ የቀረለት ስለዚያ ድምፅ የነበረው አሳብ ነው። አባቶቻችን «ለራስ ሲቈርሱ አያሳንሱ» ያሉት ስለ እንጀራ ብቻ አይመስለኝም፤ ስለ ፍርድም ይሠራል።

አንባቢዬ ሆይ፥ ይህ ድካም የሞኞች ነው፥ የተማረ ሰው ግን ያመልጠዋል ብለህ እንዳትታለል። በፈረንሳይ አገር በናንሲ ከተማ ሬኔ ብሎንድሎ የሚባል የታወቀ የፊዚክስ ሊቅ ነበረ። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1903 አዲስ ዓይነት ጨረር አገኘሁ ብሎ ገለጸ፤ በከተማውም ስም ኤን ጨረር አለው። ጨረሩ የሚታወቀው በጨለማ ክፍል ውስጥ አንዲት ደካማ ብልጭታ ጥቂት ደመቅ ስትል በዓይን በማየት ነበረ። ሌሎችም ሊቃውንት አየን ብለው ጻፉ። በዓመቱ፥ በ1904፥ ሮበርት ዉድ የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነገሩን ሊመለከት ወደ ናንሲ ሄደ። በጨለማው ክፍል ውስጥም ሙከራው ሲደረግ፥ ጨረሩን ይበትነዋል የተባለውን የአሉሚኒየም ፕሪዝም ማንም ሳያየው ከቦታው አነሣው። ሆኖም የሚለኩት ሰዎች ፕሪዝሙ በቦታው እንዳለ ያህል ቍጥሩን ማንበባቸውን ቀጠሉ። ዉድ ይህን ኔቸር በተባለው መጽሔት ከጻፈ በኋላ ከፈረንሳይ ውጭ በጨረሩ የሚያምን ሰው እየጠፋ ሄደ።

ብሎንድሎ አታላይ አልነበረም። ከዚያ በፊት በሠራው ሥራ የተከበረ ሰው ነበረ። ያየውም ሊያየው የሚመኘውን ነበረ። ጥፋቱ ዓይኑ መድከሙ አይደለም፤ የሰው ዓይን ሁሉ ይደክማል። ጥፋቱ፥ ዉድ በአንድ ቀን ያደረገውን ምርመራ እርሱ በገዛ እጁ አስቀድሞ በራሱ ላይ አለማድረጉ ነው።

እንግዲህ ማጣሪያን የሚያወዳድር ሰው በራሱ ላይ ዳኛ ሊሆን ቢወድ መንገዱ አስቸጋሪ አይደለም። ሁለቱ ማጣሪያዎች እኩል ጊዜ በርተው ይሙቁ። ሰሚው ጀርባውን አዙሮ ይቀመጥ፥ ወይም በመካከል ጨርቅ ይጋረድ። አንድ ወዳጁ ከጨርቁ በስተኋላ ሆኖ ሳንቲም ይጣል፤ ዘውድ ከሆነ አንደኛውን፥ ጎፈር ከሆነ ሁለተኛውን ይሰካ፤ በየጊዜውም የተሰካውን በወረቀት ይጻፍ። ገመዱን ሁልጊዜ ይንቀል፥ ሁልጊዜም ይስካ፤ የሚሰካው የፊተኛው ቢሆንም እንኳ፥ ኮሽታው እንዳያሳብቅ። የድምፅ መጨመሪያውን ማንም አይንካው። ዘፈኑ አንድ ይሁን፤ አጭር ይሁን። ሰሚውም የትኛው እንደ ሆነ በራሱ ወረቀት ይጻፍ። ይህ 10 ጊዜ ከተደረገ በኋላ ሁለቱ ወረቀቶች ይመሳከሩ።

ወዳጁም ቃል አይናገር፥ ፊቱም አይታይ። በበርሊን ሃንስ የሚባል ሒሳብ ያውቃል የተባለ ፈረስ ነበረ፤ መልሱንም በኮቴው መሬት እየመታ ይቈጥር ነበር። ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ መርማሪ እ.ኤ.አ. በ1907 እንዳስረዳው፥ ፈረሱ ያነበበው ሒሳብ ሳይሆን የጠያቂውን ፊትና አንገት ነበረ፤ ጠያቂው ምልክት መስጠቱን ራሱ አያውቅም ነበር። ፈረስ ይህን ካነበበ ሰውማ ምን ያህል ያነብ!

ቍጥሩንም በትክክል መመዘን ያስፈልጋል። ምንም ሳይሰማ በግምት ብቻ የሚጽፍ ሰው ከ10ሩ 5 ያህል ያገኛል። 7 ያገኘ ሰው «አየህ፥ አበዛሁት!» ብሎ ሊመካ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ገማች ሰው እንኳ ከ6 ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል 7 ወይም ከዚያ በላይ ያገኛል። 9 ወይም 10 የማግኘት ዕድሉ ግን ከ1,024 ጊዜ 11 ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ 9 ያገኘ ሰው ጆሮው አንድ ነገር እንደ ያዘለት በድፍረት ሊናገር ይችላል፤ 5 ያገኘ ሰው ደግሞ ያ የተገለጠው መጋረጃ በዕቃው ሳይሆን በአሳቡ ውስጥ እንደ ነበረ ራሱን ይጠይቅ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «እኔ የገዛሁት ለመደሰት ነው። በውዱ ማጣሪያ ስሰማ ደስ ካለኝ፥ ደስታዬ ከዕቃው መጣ ከአሳቤ መጣ ማንን ይጎዳል? ይህ ምርመራ ደስታዬን ከመግደል በቀር ምን ይጠቅመኛል?» የሚል ሰው አለ። ይህ ቃል የሚናቅ አይደለም። ሰው በገንዘቡ የወደደውን ቢገዛ መብቱ ነው፤ በሚያምር ሳጥን መደሰትም ኀጢአት አይደለም። «ውበቱን ወድጄ ገዛሁት» ቢል እውነት ተናግሯል፥ ሌላ ምስክርም አያስፈልገውም።

ነገር ግን ነገሩ በዚህ አይቈምም። ከሰፈሩ አንድ ጐልማሳ፥ ገና ሥራ የያዘ፥ እናቱን የሚጦር፥ ወደ እርሱ መጥቶ «ጋሼ፥ እርስዎ ዐዋቂ ነዎት፤ ይህን ዕቃ ልግዛ ወይስ ይቅር?» ብሎ ቢጠይቀው ምን ይመልሳል? እስከ አሁን የራሱ ደስታ የነበረው አሁን ምስክርነት ሆነ። በእርሱ ቃል የሌላ ሰው ገንዘብ ይወጣል፤ ከእናት ጉርሻ የሚቀነስ ገንዘብ ነው። በራሱ ቤት በስሕተት መደሰት የግል ነገር ነው፤ ያልመረመረውን ነገር «በጆሮዬ አረጋግጫለሁ» ብሎ ለሚያምነው ሰው መስጠት ግን ዕዳ ነው። ሐሰት ላይባል ይችላል፤ ምክንያቱም ሐሰተኛ የሚባል እያወቀ የሚዋሽ ነው። ነገር ግን ማወቅ ሲችል ላለማወቅ የመረጠ ሰው ከሐሰተኛው ምን ያህል ይርቃል? ጐልማሳው የጠፋበት ገንዘብ በሁለቱም ያው ነው።

ከዚህም ሌላ ሰው ራሱን ይጎዳል። የከፈለበትን ነገር ሁሉ መልካም ነው እያለ መመስከር ልማድ ይሆናል፤ ልማድም በሙዚቃ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ አይቀርም። በልጁ ትምህርት፥ በመረጠው ወዳጅ፥ በደገፈው አሳብ ላይ ሁሉ «ብዙ የደከምሁበት ስለ ሆነ ትክክል መሆን አለበት» ማለት ይጀምራል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲባል መመንጠር በሌላ ሰው እጅ ብቻ ይመስለናል፤ ሰው ግን በገዛ እጁም ይመነጠራል።

በሌላው ወገን ደግሞ ተቃራኒ ጥፋት አለ፤ እርሱንም ሳልነካው ባልፍ ፍርዴ ያጋድላል። «ይህ ሁሉ ማጭበርበር ነው፤ ሳልሰማው ዐውቀዋለሁ» የሚል ፌዘኛ አለ። ይህም ሰው ምስክር ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ በሥራው መጠየቅ አለበት። ድንገተኛ ግፊትን የሚከላከለው ማጣሪያ ጥቅሙ በጆሮ አይመዘንም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ የጎረቤት መሣሪያ ተቃጥሎ የእርሱ ሲተርፍ ይታወቅ ይሆናል፤ ያውም መከላከያው ግፊት በተቀበለ ቍጥር እያረጀ እንደሚሄድ ማወቅ ያሻል። ሬዲዮ ጣቢያ በስፒከሩ ውስጥ የሚገባበት ወይም ሽቦው እጅግ የሚረበሽበት ቤትም ይኖራል፤ እዚያ ማጣሪያው በዓይን በተሸፈነ ምርመራ እንኳ ሊለይ ይችላል። አንዳንዱ ማጣሪያ ደግሞ ኀይለኛ አምፕሊፋየር በድንገት ብዙ ኤሌክትሪክ ሲፈልግ ያንቀውና ከመርዳት ይልቅ ይጎዳል። በምርመራ 5 ያገኘውም ሰው ያረጋገጠው በዚያ ቀን፥ በዚያ ቤት፥ በእርሱ ጆሮ ልዩነቱ አለመገኘቱን ነው እንጂ በዓለም ሁሉ የለም ማለት አይችልም።

ርካሹ መድኃኒት ተረስቶ ውዱ የሚገዛበትም ጊዜ ብዙ ነው። ለምሳሌ ያህል፥ በስፒከሩ ውስጥ «እምም» የሚል የማያቋርጥ ጕርምርምታ ይሰማል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መሣሪያዎቹ በልዩ ልዩ ሶኬት ተሰክተው የመሬት ገመዳቸው በሁለት መንገድ ሲገናኝ ነው። ሁሉንም ከአንድ ሶኬት በሚነሣ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ያድነዋል፤ ዋጋውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጕርምርምታውን ለማጥፋት ብሎ የመሬቱን ገመድ የሚቈርጥ ግን ለሙዚቃ ሲል በሕይወቱ ይጫወታል። ምክንያቱን ሳይመረምር ውድ ማጣሪያ የገዛ ሰው ጕርምርምታው እንዳለ ሲቀር፥ ወይ አልሰማሁትም ብሎ ራሱን ያሳምናል፥ ወይ ከዚያ የበለጠ ውድ ይፈልጋል።

አንዳንድ ሰው በጨርቅ ተጋርዶ መሰማትን እንደ ውርደት ይቈጥረዋል፤ «ጆሮዬን አታምኑትምን?» ይላል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት ብዙ ታላላቅ ኦርኬስትራዎች አዲስ ሙዚቀኛ ሲፈትኑ ተፈታኙን ከመጋረጃ በስተኋላ ማስቀመጥ ጀመሩ። አንዳንዶቹም የጫማው ድምፅ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን እንዳይገልጥ በመንገዱ ላይ ምንጣፍ አነጠፉ። ከዚህም ወዲህ በእነዚህ ኦርኬስትራዎች ውስጥ የሴቶች ቍጥር እየጨመረ ሄደ። እነዚያ ፈታኞች ዕድሜያቸውን በሙዚቃ የፈጁ ሊቃውንት ነበሩ፤ መጋረጃው የተሰቀለው ጆሯቸው ስለ ተናቀ አልነበረም። ጆሯቸው ከዓይናቸው ነጻ ሆኖ እንዲፈርድ ነበረ እንጂ። ጆሮህን የምታከብረው ከሆነ ብቻውን እንዲናገር ፍቀድለት፤ ዋጋውና ስሙ፥ የሳጥኑም ክብደት በጆሮው ላይ ቃል እንዳያስገቡ አድርግ።

ወጣት ወንድሜና እኅቴ ሆይ፥ ምናልባት ማጣሪያ ገዝታችሁ አታውቁም፥ ወደ ፊትም አትገዙ ይሆናል። ነገር ግን ነገ በየሥራችሁ ፈራጆች ትሆናላችሁ። አንዱ የፈተና ወረቀት ያርማል፤ ሌላው ሥራ ፈላጊ ይመርጣል፤ ሌላዋ መድኃኒት ፈዋሽ መሆኑን ትመዝናለች። በዚያ ቀን የምታውቁት ሰው ስም በወረቀቱ ላይ ሲገኝ፥ ወይም የደከማችሁበት አሳብ በሚዛን ላይ ሲቀመጥ፥ ጨርቁን ጋርዱ። የተማሪውን ስም ሸፍናችሁ አርሙ። የገዛ አሳባችሁን የሚቃወም ሰው ፈልጋችሁ አስመርምሩት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ እውነት ነው፥ ንጋት ግን የሰው እርዳታ አይፈልግም፤ እውነት ግን ሊመረምራት የሚነሣ ሰው ትፈልጋለች።

ያ ጐልማሳ መጥቶ «ጋሼ፥ ልግዛ ወይስ ይቅር?» ሲላችሁ በንጹሕ ሕሊና ልትመልሱለት የምትችሉት፥ «እኔ ወድጄዋለሁ፤ ተጋርዶልኝ ስሰማው ግን ከ10ሩ 5 ብቻ ለየሁ። እስቲ እቤቴ ና፥ አንተም ጀርባህን አዙረህ ስማውና ከዚያ በኋላ በገንዘብህ እዘዝ» ብላችሁ ነው።